ቫራንገር ቱንድራ ላይ ስምንት ቀን፦ ያየሁት፣ የተማርኩት፣ ያጠፋሁት

የጣናልጅ (ኦስሎ) ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ወደ ሰሜን ልሄድ ነው ስላችሁ «ስትመለስ ሳትነግረን እንዳትቀር» ብላችሁኝ ነበር። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡና ቀርቦ የሚነበብ ነው።

የሄድኩት ቫራንገር ወደሚባል ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ የኖርዌይ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ፣ ከሩሲያ ድንበር አጠገብ። ካርታ ላይ ጣታችሁን ካይሮ ላይ አድርጋችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ ሰሜን ብትወስዱት ቫርዶ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ላይ ያርፋል፤ 70 ዲግሪ ሰሜን። ከኦስሎ ሺርከነስ ድረስ በአውሮፕላን ሄጄ፣ መኪና ተከራይቼ ወደ ቫድሶ 170 ኪ.ሜ. ገደማ ነዳሁ። መንገድ ላይ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። ምልክቱ ላይ «ታና» ይላል። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝና መኪናዬን ዳር አስይዤ ጥቂት ቆየሁ። ወንዙ ነው ታና የሚባለው፤ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ሳሚዎች በራሳቸው ቋንቋ ዴያትኑ ይሉታል፣ ትልቁ ወንዝ እንደማለት። ከእኛ ጣና ጋር የሚያገናኘው ድምፁ ብቻ ነው፤ ልቤ ግን ያን ጊዜ አልተረዳልኝም።

የደረስኩት በፈረንጆቹ ግንቦት (ሜይ) የመጨረሻ ሳምንት ነበር። ባሕሩ ዳር መሬቱ ተገልጧል፤ ደጋው ላይ ግን በረዶው ገና በዝንጉርጉር ተኝቷል፣ ትንንሾቹ ሐይቆችም እንደተጋገሩ ናቸው። ዛፍ የለም፤ ቱንድራ የሚባለው ይህ ዛፍ አልባ ቀዝቃዛ ምድር ነው። አንድ ዓይነት በርች አለ፣ ቁመቱ ከጉልበት አይበልጥም፤ ስትረግጠው ነው ዛፍ መሆኑን የምታውቀው። ሌላው የድንጋይ ሽበት ነው፤ ሬንዲሮቹ (የሰሜኑ አጋዘኖች) ክረምት የሚበሉት እሱን ነው። (ክረምት ስል እዚህ የብርዱን ወራት ማለቴ ነው፣ የሐምሌና ነሐሴን ዝናብ አይደለም።) ረግረጉ ውስጥ ደግሞ የቀብር ጉብታ የሚመስሉ ከፍታዎች አሉ፤ ፓልሳ ይባላሉ። ውስጣቸው ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ በረዶ ነው፣ ላያቸው ከበሰበሰ ዕፅዋት የተሠራ አፈር። ከፈረንጆቹ 1950ዎቹ ወዲህ በዚህ አካባቢ ብዙዎቹ ከውስጥ ቀልጠው ሰምጠዋል። አንዱ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ግማሹ ተደርምሶ ቦታው ጥቁር ውኃ ቋጥሯል።

ፀሐይ አትጠልቅም። ይህን ሰምቼው ነበር፣ ኖሬው ግን አላውቅም። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነው፤ ጎሕ ሲቀድ አሥራ ሁለት፣ ፀሐይ ወጥታ ስትጠነክር አንድ፣ ሁለት እያልን። እዚያ ንጋት የለም። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የራሴን ጥላ በሰሜን ፀሐይ ወደ ደቡብ ተዘርግቶ አየሁት፤ ከዚያ በኋላ ስንት ሰዓት እንደሆነ ለራሴ በአማርኛ መንገር አቃተኝ።

አሁን ወዳጠፋሁት። በሦስተኛው ቀን ወደ ቦትስፊዮርድ የሚወስደውን የደጋ መንገድ ስነዳ አንዲት ሬንዲር ከግልገሏ ጋር አየሁ። ግልገሏ ምናልባት የአንድ ቀን ዕድሜ ቢኖራት ነው። ስልኬን ይዤ ወርጄ ቀስ እያልኩ ተጠጋሁ። እናቲቱ ራመድ አለች፤ ተከተልኳት። ደግሞ ራመድ አለች። በአራት ጎማ ሞተር አንድ የሳሚ እረኛ ከኋላዬ መጣና ሞተሩን አጠፋ። አልጮኸም። «ከክረምት የወጣችው በቀራት ጉልበት ነው። አንተን ስትሸሽ የምታጠፋው የግልገሏን ወተት ነው» አለኝ። አፍሬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ከልቤ ነበር፣ እሱም ያወቀልኝ መሰለኝ፤ ቆሞ ብዙ አወራኝ።

ከነገረኝ ሁሉ አንድ ቃል ይዤ ተመለስኩ፤ ቹኦህኪ። እኛ ከሰማይ ለሚወርደውም፣ ሐይቅ ላይ ለሚጋገረውም፣ ጣራ ለሚያንኳኳውም «በረዶ» ብለን እናልፋለን። ለእነሱ እያንዳንዱ ስም አለው። ቹኦህኪ ማለት በክረምት መሀል ዝናብ ዘንቦ፣ መሬት ደርሶ፣ ከዚያ ረግቶ ግጦሹን እንደ መስታወት ሲከድነው ነው። ሬንዲር በሰኮናዋ ልል በረዶ ቆፍራ ምግቧን በሽታ ታገኛለች፤ ያንን መስታወት ግን አትሰብረውም፣ ከሥሩ ያለውንም አታሸትተውም። እረኛው «ብርድ አያስፈራንም፤ የሚያስፈራን በጥር የሚመጣ ሙቀት ነው» አለ።

ስለ ወፎቹና ስለ ሌሚንግ በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፣ ጥያቄ ካላችሁ ጠይቁኝ።

መቅደስ (ሲልቨር ስፕሪንግ) ጻፈች፦

በጣም ደስ ይላል ወንድሜ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም፣ እንዳትታዘበኝ። ብርዱ እንደዚያ ከከበዳቸው ሙቀት ሲጨምር ለእንስሶቹ አይሻላቸውም? ሣሩም ይበዛል፣ ክረምቱም ያጥራል።

የጣናልጅ ጻፈ፦

ምን እታዘብሻለሁ እህቴ፤ እኔም ሄጄ እስካየሁ ድረስ የማስበው እንደዚያው ነበር። በጋው በእርግጥ ይረዝማል፣ ቁጥቋጦውም እየወፈረ ነው። ግን የሚገድላቸው ክረምቱ ነው፣ ክረምቱን የሚያልፉት ደግሞ በደረቅ በረዶ ነው። ደረቅ በረዶ እንደ ጋቢ ነው፣ ሙቀት ይይዛል። ላዩ ላይ ከዜሮ በታች 25 ሲሆን ከሥሩ መሬቱ ዜሮ አካባቢ ሊሆን ይችላል። ሌሚንግ የምትባለው አይጥ መሰል ፍጥረት የምትኖረው እዚያ ጋቢ ሥር ነው። አትተኛም፣ ክረምቱን ሙሉ ዋሻ እየሠራች ሙጃ ትበላለች፣ እዚያው ትወልዳለች። ጥሩ በረዶ የሆነ ክረምት ካለፈ ጸደይ ላይ ምድሩ በሌሚንግ ይሞላል፤ ይህ በየሦስት እስከ አምስት ዓመቱ ይመጣ ነበር። ያን ጊዜ ነጩ ጉጉት ይወልዳል፣ ነጩ ቀበሮ ይወልዳል፣ ጭልፊት መሰሎቹ ሁሉ ይወልዳሉ። ሌሚንግ ከሌለ ጉጉቷ ጭራሽ እንቁላል አትጥልም፣ አገር ጥላ ትሄዳለች።

አሁን በጥር ዝናብ ጣለ በይ። ጋቢው ይርሳል፣ ከዚያ ይደርቃል፣ ብረት ይሆናል። ሌሚንጓ ዋሻዋ በውኃ ይሞላል ወይም ምግቧ በበረዶ ይታሸጋል። ጸደይ ላይ ሌሚንግ የለም፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ጾሙን ያድራል። ከ1979 ወዲህ አርክቲክ ከዓለም አማካይ አራት እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ሞቋል፤ ከዜሮ በታች 12 የነበረ ቀን ከዜሮ በታች 8 ቢሆን ችግር የለውም ነበር። ችግሩ ዜሮን የሚሻገሩት ቀኖች መብዛታቸው ነው።

(ሌሚንጎች ተሰልፈው ገደል ይገባሉ የሚባለው ሐሰት ነው። ሲበዙ ይሰደዳሉ፣ ወንዝ ሲያቋርጡ የሚሰምጡ አሉ፤ በገዛ ፈቃዱ የሚሞት የለም።)

ወፍ_አስጎብኚ (ሐዋሳ) ጻፈ፦

የጣናልጅ፣ ስለ ወፎቹ «በሌላ ጊዜ» ብለህ እንዳትተወን! እኔ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ወፍ ሳሳይ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በጥቅምትና በኅዳር አቢያታና ዝዋይ ዳር ጭቃው ላይ የሚርመሰመሱት ትንንሽ ባለ ረጅም እግር ወፎች ከየት እንደሚመጡ ቱሪስት ሲጠይቀኝ «ከሰሜን» ብቻ እል ነበር። በኋላ አንድ እንግዳዬ ካርታ አውጥቶ እዚያ አንተ የነበርክበት ቦታ ላይ ጣቱን አሳረፈልኝ።

በተለይ አንዱ፣ ፈረንጆቹ ራፍ የሚሉት። እኛ ጋ ሲመጣ ግራጫ ቡኒ ነው፣ ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ወንዱ እዚያ የአንበሳ ጎፈር አወጣ ይባላል። አይተኸዋል?

የጣናልጅ ጻፈ፦

አይቼዋለሁ! ቫድሶ አልፈን ባሕሩ ዳር ሣር ላይ፣ አሥር የሚሆኑ ወንዶች። አንዱ ጎፈሩ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ እንደ በርበሬ ቀይ፤ እንደ ፈረሰኛ ለምድ አንገታቸው ላይ ነፍተው ይዘላሉ፣ ይጎነበሳሉ፣ ከዚያ ሁሉም እንደ ተማከሩ ጸጥ ብለው ይቆማሉ። ሴቶቹ መሀላቸው እየተዘዋወሩ ያያሉ። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ጭቃ ሲጭር ያየሁት ወፍ ይህ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው ባይኖር አላምንም ነበር። ወንድሜ፣ እነዚህ ወፎች ከአንተ ጓሮ ተነሥተው ነው እዚያ የሚሞሸሩት።

ሌላ ያስደነቀኝ ፋላሮፕ የሚባለው ነው። ኩሬ ላይ እንደ እንዝርት ይሽከረከራል፤ በሽክርክሩ ከሥር የሚመጣውን ነፍሳት ይለቅማል። የደመቀችው ሴቷ ናት፣ እንቁላል የሚታቀፈው ወንዱ ነው። በእጅ መዳፍ የሚያዝ ወፍ ነው። የስካንዲኔቪያዎቹ ክረምቱን የሚያሳልፉት ዐረብ ባሕር ላይ፣ መሬት ሳይረግጡ፣ ውኃው ላይ ተንሳፈው ነው።

ሰላም (ሙስካት) ጻፈች፦

ዐረብ ባሕር?! እኔ እኮ ኦማን ነኝ። አሠሪዎቼ ቤተሰባቸውን ይዘው በጀልባ ሲወጡ ልጆቹን ለመያዝ አብሬ እወጣለሁ። ባለፈው ታኅሣሥ ከባሕሩ ዳር ራቅ ብለን እንደ ቡሽ ተንሳፈው የሚሽከረከሩ ብዙ ትንንሽ ነጫጭ ወፎች አይተን ልጆቹ ይስቁ ነበር። እነሱ ይሆኑ?

ወፍ_አስጎብኚ ጻፈ፦

ከባሕር ዳር ራቅ ብሎ፣ በብዛት፣ እየተሽከረከሩ፣ በታኅሣሥ፤ እህቴ እነሱ ናቸው። ያን ጊዜ ግራጫና ነጭ ይሆናሉ፣ ዓይናቸው ላይ ጥቁር መስመር አላቸው። በሚቀጥለው ጊዜ መስመሩን እይልኝ።

ሳሙኤል_ካልጋሪ ጻፈ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ሐሳቡ አልገባኝም። እኛ ከብርድ ጋር የምንታገለው ለሥራ ስንል ነው። ዕረፍት ወስዶ፣ ገንዘብ ከፍሎ ወደ ባሰ ብርድ መሄድ ለምን? በዚያ ገንዘብ አገር ቤት ደርሶ እናትን ማየት ይቻላል።

የጣናልጅ ጻፈ፦

ሳሙኤል፣ ሐሳብህ ተገቢ ነው፣ እናቴንም ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አይቻታለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ እዚህ አገር አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ የማውቀው ሥራ ቦታዬን፣ ቤቴንና ቤተ ክርስቲያናችንን ነበር። ልጄ ትምህርት ቤት ስለ ሬንዲር ተምራ መጥታ ስትጠይቀኝ የምመልስላት አልነበረኝም። የምኖርበትን ምድር ማወቅ ፈለግኩ። እሱ ነው ምክንያቴ።

ጋሽ_ጎባ ጻፈ፦

ልጆች፣ ጽሑፋችሁን አነበብኩ። እኔ የባሌ ሰው ነኝ፣ ለብዙ ዘመን ሰነቴ ላይ ተመላልሻለሁ። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ይደርሳል። እዚያም ዛፍ የለም፤ አስታው ከታች ይቀራል፣ ላይ ጅብራና ጭራሮ ብቻ ነው። ፈረንጆች ሲመጡ «ይህ የአፍሪካ ቱንድራ ነው» ይላሉ።

የሚገርመኝ ስለ ሌሚንግ ያልከው ነው። የእኛም ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በአይጥና በፍልፈል ነው። ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ብቅ እስኪል ቀበሮው ጆሮውን አቁሞ አንድ ቦታ ይጠብቃል። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም ይባላል። በዚያ አገር ቀበሮው እንዴት ነው?

የጣናልጅ ጻፈ፦

ጋሼ፣ ስለጻፉልን አመሰግናለሁ። ልዩነቱ ይመስለኛል፣ ሰነቴ ላይ ቀን በጋ ሌሊት ክረምት ነው፣ ዓመቱ ግን እኩል ነው፤ ስለዚህ ፍልፈሉ በየዓመቱ አለ፣ ቀበሮውም በየዓመቱ ይወልዳል። ቫራንገር ላይ ነጩ ቀበሮ አንዱን ዓመት ጠግቦ አሥርና ከዚያ በላይ ይወልዳል፣ ሌላውን ዓመት ባዶ ነው። እኔ አላየሁትም፤ ቫድሶ ያለችው እህታችን ከእኔ በላይ ታውቃለች።

ትዕግሥት (ቫድሶ) ጻፈች፦

ሰላም ሁላችሁም። እኔ እዚህ አረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምሠራው። ከሽማግሌዎቹ ነው ብዙውን የሰማሁት።

ነጩ ቀበሮ ድሮ ብዙ ነበር፤ ለቆዳው ታድኖ ሊያልቅ ደረሰ፤ ጥበቃ ከተደረገለት በኋላም አላገገመም። አንዱ ምክንያት ሙቀቱ ከደቡብ ቀይ ቀበሮን ማምጣቱ ነው። (ጋሽ ጎባ፣ የእኛው ቀይ ቀበሮ ሳይሆን ያ በአውሮፓ ከተማ ሁሉ የሚታየው ነው።) እሱ ትልቅ ነው፣ ጉድጓዱን ይቀማዋል። መንግሥት ከ2005 ጀምሮ ቀይ ቀበሮውን እያስቀነሰ ነው፤ በ2018 ደግሞ ማራቢያ ጣቢያ ያደጉ ነጭ ቀበሮዎች ወደ ብሔራዊ ፓርኩ መለቀቅ ጀመሩ። እኔ አንድ ጊዜ በየካቲት ከሩቅ አይቻለሁ። በረዶው ላይ ጥላው ብቻ የሚሄድ መሰለኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው እንዳይዘነጋው። በ2023 በጋ ላይ ባሕር ዳር የሚኖሩት ነጫጭ ወፎች፣ ኪቲዌክ የሚባሉት፣ በወፍ ጉንፋን አለቁ። እዚህ ቫድሶ ወደቡ፣ መንገዱ፣ የሱቅ በር ሁሉ በሬሳቸው ተሞልቶ ነበር፤ የከተማው ሠራተኞች ነጭ ልብስ ለብሰው በሺዎች ሰበሰቡ። እስከ ዛሬ ድምፃቸው የቀነሰ ይመስለኛል።

አስቴር (ስቶክሆልም) ጻፈች፦

እኔ ደግሞ ከቫራንገር በላይ ወጥቻለሁ፣ ስቫልባርድ የሚባሉት የኖርዌይ ደሴቶች፣ 78 ዲግሪ። በመጋቢት ነበር። ሎንግየርቢየን ከተማ ሰው ቤት ስትገባ ጫማ ታወልቃለህ፣ ሆቴሉም ጭምር፤ የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች ዘመን ልማድ ነው፣ እኔ ግን የአገሬ ቤት ትዝ አለኝ። ሬንዲሮቹ እግራቸው አጭር፣ ሰውነታቸው በርሜል የሚያህል፣ ከቤት አጠገብ ነው የሚግጡት። ዝናብ ዘንቦ ግጦሹ ሲታሸግ ባሕር ዳር ወርደው የባሕር አረም እንደሚበሉ አስጎብኚያችን ነገረን። የጣናልጅ ያለው እዚያም አለ ማለት ነው።

ለምትሄዱ ሁለት ነገር፦ ስቫልባርድ ላይ ለመኖርም ለመጎብኘትም ቪዛ አይጠየቅም፣ ግን በኖርዌይ በኩል ነው የሚታለፈው፣ ቦታውም ከሸንገን (ከአውሮፓ የጋራ ቪዛ ክልል) ውጭ ነው። ስለዚህ ቪዛ የሚያስፈልገው ፓስፖርት የያዘ ሰው ሁለት ጊዜ የሚያስገባ ሸንገን መያዝ አለበት፤ አለዚያ ሲመለስ ይቸገራል። ሁለተኛ፣ ከከተማ ውጭ ነጭ ድብ ስላለ መሣሪያ ከያዘ አስጎብኚ ጋር ብቻ ውጡ። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ድቡን ከ300 ሜትር በታች መቅረብ ክልክል ነው፣ ከመጋቢት 1 እስከ ሰኔ 30 በፈረንጆች ደግሞ 500 ሜትር። ለድቡም ለሰውም ጥሩ ሕግ ነው።

የዓለም ዘር ማከማቻው በር ላይም ቆሜያለሁ፤ አዲስ አበባ ካለው የእንስሳት ምርምር ተቋም የተላከ የመኖ ዘር ቅጂ ከዚያ ተራራ ውስጥ አለ። መግባት አይፈቀድም፣ በሩን አይቼ ተመለስኩ።

አቡ_ሃናን (ለንደን) ጻፈ፦

አሰላሙ ዓለይኩም። በጋ ላይ ልሄድ አስቤያለሁ። ፀሐይ ካልጠለቀች የመግሪብና የዒሻን ሶላት ሰዓት በምን ታውቃላችሁ?

ትዕግሥት (ቫድሶ) ጻፈች፦

ወዓለይኩም ሰላም። አብራኝ የምትሠራ ሶማሊያዊት አለች፣ ጠይቄያት ነበር። እሷና ቤተሰቧ ፀሐይ በማትጠልቅበት ወራት የመካን ሰዓት ይከተላሉ። ሌላ ከተማ የሚከተሉም አሉ፤ ከመነሣትህ በፊት ከኢማምህ ጋር ተመካከር። ለእንቅልፍ ደግሞ ጥቁር የዓይን መሸፈኛ ያዝ።

መቅደስ ጻፈች፦

ልብስና ምግብስ? ባለቤቴን እያሳመንኩት ነው።

የጣናልጅ ጻፈ፦

ከውስጥ ሱፍ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ። ጥጥ ተዪው፣ አንዴ ከረጠበ አይደርቅም። የጎማ ቦት ጫማ የግድ ነው፣ ምድሩ ስፖንጅ ነው። ከሰኔ መጨረሻ በኋላ ከሆነ ለትንኝ መረብ። እኔ በሶና ቆሎ ይዤ ነበር፤ ነፋስ ላይ ቆሞ ወፍ ለሚያይ ሰው ከቆሎ የተሻለ ምግብ አላገኘሁም። ከቫርዶ በጀልባ ሆርኖያ ደሴት ሂዱ፣ አሥር ደቂቃ ነው፤ ገደሉ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ የባሕር ወፎች ተሸፍኗል፣ ባለ ቀለም መንቁሩ ፐፊን እግራችሁ አጠገብ ይቆማል። ከገመዱ አትለፉ። በግንቦት ሬንዲር ካያችሁ ደግሞ ከመኪና አትውረዱ። እባካችሁ።

ትዕግሥት (ቫድሶ) ጻፈች፦

ይህ ውይይት ከቆመ ወራት ሆኖታል፤ ግን እዚህ ላይ ልጽፈው ፈለግኩ። ከትናንት በስቲያ ቫርዶ ፀሐይ ተመለሰች። ሙሉ ክቧ ሲታይ ምሽጉ ላይ መድፍ ይተኮሳል፣ ተማሪዎች የዕረፍት ቀን ያገኛሉ፤ የጓደኛዬ ልጆች ሲጮኹ በስልክ ሰማኋቸው። አንድ አዛውንት ቫርዶ ድሮ በአየር ንብረት ካርታ ከቱንድራ እንደምትመደብ፣ የ1991–2020 አማካይ ሲወጣ ግን ከመስመሩ እንዳለፈች ከጋዜጣ አንብበው ነግረውኝ ነበር። እንደ ዘመድ ሞት ነው የነገሩኝ።

ትናንት ሌሊት ፕላስ ሦስት ሆኖ ዘነበ። ዛሬ ጠዋት ከዜሮ በታች ዘጠኝ። ወደ ሥራ ስሄድ መንገዱ መስታወት ነው፣ ጫማዬ ላይ የብረት ጥርስ አስሬ ነው የሄድኩት። መኪና ማቆሚያው ላይ አንድ እረኛ የመኖ ከረጢት ተጎታች ላይ ይጭን ነበር። «ቹኦህኪ?» አልኩት፣ ከዚህ የተማርኩትን ቃል። ቀና ብሎ አየኝና በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ከረጢት አቀበልኩት፣ ስድስት ሆነን ጫንለት፣ ደጋው መንገድ በበረዶ ጠራጊ መኪና ተመርቶ በሰልፍ የሚታለፍበት ሰዓት እንዳያመልጠው ቸኩሎ ሄደ።